ቺንጋው በራሱ ወለቀ

ሰኞ፣ 4

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ዳኛዋ ናት። ዳኛዋ የእህቴ ልጅ ናት። ይህን ስም ያወጣሁላት የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ ተረት ስነግራት መሃል ላይ "እና ማን አየው?" ብላ ታስቆመኝ ነበር። አሁን ሃያ ዓመት ሞልቷታል፣ መድኃኒት ቤት ተቀጥራለች፣ ጥያቄዋ ግን አልቀነሰም። "ጋሼ፣ ስታወራ ሰው ይስቅልሃል" አለችኝ። "ወረቀት አይስቅም። እስቲ ጻፍና ምን እንደሚቀርህ እንይ።"

ይኸው ጀመርኩ። በእርግጥም አይስቅም።

የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያዋን መኪና ፈታኋት፣ መግጠም አቃተኝ፣ ሦስት ሳምንት ከባለቤቷ ስሸሽ ከረምኩ፣ በአራተኛው ገጠምኳት። ሁለት ብሎን ተረፈኝ። መኪናዋ እስከ ዛሬ ትሰፋለች፣ ብሎኖቹም እስከ ዛሬ አሉኝ።

ትልቁ ወሬ፦ የጥምቀት ተማሪዎች ስም ትናንት ጸሎት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። የዳኛዋ ስም ሦስተኛ ነው። ጥምቀቱ በሚቀጥለው ወር በ8 ነው። እያንዳንዱ ከመጠመቁ በፊት ቆሞ እንዴት እንዳመነ ይመሰክራል።

"ስኳር የሰረቅሽውንም ትናገሪያለሽ?" አልኳት።

"ያስሰረቅኸኝ አንተ ነህ። እሱን አንተ ተናገር።"

መጋቢያችን የእኔን ምስክርነት እሑድ ለተማሪዎቹ እንድነግር ጠይቀውኛል። እንደ ሁልጊዜው።

እሑድ፣ 10

ተናገርኩ። የት ድምፄን ዝቅ እንደማደርግ፣ የት እንደምቆም ጠንቅቄ አውቃለሁ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በጥጥ ፋብሪካው፣ የማባዘቻው ማሽን እጅጌዬን ያዘው። ክንዴ እየተጎተተ ሲገባ የጌታን ስም ጠራሁ። ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋ ከመዘውሩ ላይ በራሱ ወለቀ። ማሽኑ ቆመ። እዚህ ላይ እጅጌዬን እጠቀልልና ጠባሳውን አሳያለሁ። ቀድሜ ብጠቀልል አያምርም፤ ከዘገየሁ ደግሞ "ሃሌ ሉያ"ው ያመልጠኛል።

ዛሬ አላመለጠኝም። አንዲት ተማሪ አለቀሰች።

በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ እትዬ ተቀምጠው ነበር። ድሮ በዚያው ፋብሪካ ጠራጊ ነበሩ፤ አሁን ቤታቸው ሆነው የተማሪ ልብስ ይሰፋሉ። ቀኝ እጃቸው እንደ ልማዳቸው ሻርፓቸው ሥር ነው። ብርድ አይወዱም።

ዳኛዋ አላጨበጨበችም። ጉልበቷን እያየች ተቀምጣ ነበር። ደክሟት ይሆናል።

ማክሰኞ፣ 12

ከሥራ ስትወጣ ሱቄ ጎራ አለች። አንዲት መኪና ፈትቼ ብሎኖቿን በቆርቆሮ ክዳን ላይ ደርድሬ ነበር። ሳትቀመጥ፦

"ስሜን አሰረዝኩ" አለች።

"ከመድኃኒት ቤቱ?"

"ከጥምቀቱ።"

"ውሃው ቀዝቃዛ ነው ብለው ነገሩሽ?"

አልሳቀችም። በርጩማውን ስባ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ እኔ ምንም ሆኜ አላውቅም። አምናለሁ ብዬ እጄን ያወጣሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ሁሉም አወጡ፣ እኔም አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እጸልያለሁ፣ አነባለሁ፣ መልስ የለም። አንተ አንዴ ጠራኸው፣ ብረት ቆመልህ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠርቼ አንድ የበር እጀታ እንኳ አልተንቀሳቀሰልኝም።"

"ሰው ሁሉ እኮ አንድ ዓይነት አይደለም..."

"እሱማ ገብቶኛል። የሚቆምላቸው አሉ፣ የማይቆምላቸው አሉ። እኔ ከየትኞቹ እንደሆንኩ እሑድ አወቅኩ።"

ደህና ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዝም ይላል። እኔ ግን፦ "ያጣሽው ታሪክ ከሆነማ ምን ችግር አለ፤ እኔ እገጣጥምልሻለሁ! አውቶቡስ፣ ቁልቁለት፣ ፍሬኑ እምቢ ያለው። የምታለቅስ አንዲት አሮጊት ጣል እናደርግበታለን።"

ላስቃት ነበር። እውነቴን ነው።

"እንዲህ ነው የሚሠራው?" አለች። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

አንድ ብሎን ጠረጴዛ ሥር ወድቆ፣ ቀኑ እስኪጨልም በጉልበቴ ስፈልግ ቆየሁ።

ረቡዕ፣ 13

ሥራ በዛ። ሦስት መኪና፣ አንዷ መርፌዋ ተሰብሮ ውስጥ የቀረ።

"እንዲህ ነው የሚሠራው?" ምን ማለቷ ይሆን? አታውቅም። ማንም አያውቅም። ከአንድ ሰው በቀር።

ያንን ነገር መጀመሪያ የተናገርኩት ለሌላ ሰው ብዬ ነው። ይህ ይጻፍልኝ። ለሌላ ሰው ብዬ ነው።

እሑድ፣ 17

መጋቢያችን ዛሬ ተማሪዎቹን "የሚያድን እምነት ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። አንዱ "እግዚአብሔር መኖሩን ማወቅ" አለ። ማወቁማ አጋንንትም ያውቃሉ፣ አውቀውም ይንቀጠቀጣሉ አሉ መጋቢው። ሌላዋ "ትክክል ነው ብሎ መቀበል" አለች። እሱም ብቻውን አይበቃም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ በሱቅዎ ቋንቋ ይንገሩልን" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ለዚህ አልታማም። "ሁለት ደንበኞች አሉኝ" አልኩ። "አንደኛው ልብስ ሰፊ 'በአንተ ሙሉ እምነት አለኝ' ይለኛል። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቤ ይቀመጥና የማወጣትን ብሎን ሁሉ ይቆጥራል። ሁለተኛዋ ያለቻት አንዲት መኪና ናት፤ የቤት ኪራዩም፣ የልጆች ቀለቡም ከሷ ነው የሚወጣው። አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጣታለች። 'መቼ ልምጣ?' ትለኛለች። ትሄዳለች። ያመነኝ 'አምንሃለሁ' ያለኝ አይደለም። ትታልኝ የሄደችው ናት።"

ሳቁ፣ ጻፉ። መጋቢው "ይህ የሚሰበክ ነው!" አሉ። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ እስክታጠብ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

እጄን በሳሙና እየፈተግኩ ሳለ ትዝ አለኝ። ያቺ መኪናዋን ትታ የምትሄደው ሴት እትዬ ናቸው። ይህንንም አልተናገርኩም። እዚያው በሩ አጠገብ ተቀምጠው እየሰሙኝ፣ ዛሬም ከታሪኩ አወጣኋቸው።

ዳኛዋ አልመጣችም።

ረቡዕ፣ 20

እህቴ ምሳ ይዛልኝ መጣች። እህቴ ምሳ ይዛ ከመጣች ነገር አለ ማለት ነው።

"ልጄ ታማለች" አለች።

"ምኗን?"

"እሱን ባውቅ መድኃኒት አጣ ነበር? መጸለይ ትታለች። ማታ ማታ አብረን እንጸልይ ነበር፤ አሁን 'አንቺ ጸልዪ እማዬ፣ አንቺን ይሰማሽ ይሆናል' ትለኛለች። ጠዋት ደግሞ እሑድ እሑድ የሥራ ተራ ልወስድ ነው አለች። በየሳምንቱ። ገባህ? ልትቀር ነው።"

"ወጣት ናት፣ ያልፍላታል።"

"ከአንተ ምስክርነት በኋላ ነው እንዲህ የሆነችው።"

"እኔ ምን አደረግኩ?"

"ምን አደረግህ አልኩህ እንዴ?" አለች፤ አስተያየቷ አላማረኝም። "አንድ ነገር በላት ነው የምልህ። አፍ እንደሆነ አላጣህ።"

ሳህኖቿን ሰብስባ ስትወጣ "የጥምቀት ልብሷን ተኩሼ አስቀምጫለሁ፤ ፎጣም ገዝቻለሁ" አለችኝ።

"አልጠመቅም ብላ የለ?"

"አዎ፣ ብላለች" አለች። ሄደች።

እሷ ከሄደች በኋላ በሩን ገርበብ አድርጌ ልጸልይ ሞከርኩ። "ጌታ ሆይ" አልኩ። ቀጥሎ የመጣልኝ "ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት" የሚለው ነው። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና እሱው መጣ። ለካ ሌላ የማውቀው መግቢያ የለኝም።

ቅዳሜ፣ 23

እትዬ ቤት ሄድኩ። ዘይትና ጨርቅ ይዤ፤ ባዶ እጄን ብሄድ ምን ልል?

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። መኪናዋ መስኮቱ ሥር ናት። በስምንት ጣት ይሰፋሉ፤ የቀኝ እጃቸው ጠቋሚና መሃል ጣት የሉም። ጨርቁን በመዳፋቸው ጠርዝ እየገፉ መርፌው ሥር ያስገቡታል፣ መስመሩም ቀጥ ያለ ነው። ቤታቸው ከጸሎት ቤቱ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ሻርፑ ግን ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር።

"ዘይት ላጠጣልዎ መጣሁ" አልኩ።

"ባለፈው ወር አጠጥተሃት የለ?"

"ዝናቡ በዛ፣ ዝገት እንዳይገባት..."

ቀባሁ። ጠረግሁ። ጎማዋን አዞርኩ። እንደገና ቀባሁ።

"አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "ይህችን መኪና ልታነግሣት ነው እንዴ እንዲህ የምትቀባት?"

ሳቅኩ። አብረን ሳቅን። በአርባ ስምንት ዓመቴ "አንተ ልጅ" የሚለኝ ሌላ ሰው አልቀረኝም።

"የእህትህ ልጅ ስሟን አሰረዘች ሲሉ ሰማሁ። ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱ። አምስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ስለ ዝናብ ተናገርኩ፣ አንዴ ስለ መርፌ ቁጥር፣ ሦስቱን ጊዜ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኙኝ።

"ዘይቱ ያልደረሰበት ቦታ ካለ ተመልሰህ ና" አሉኝ።

እሑድ፣ 24

መጋቢያችን ከስብከት በኋላ ትከሻዬን ያዝ አድርገው "በጥምቀቱ ቀን፣ ተጠማቂዎቹ ከመናገራቸው በፊት፣ የእርስዎን ምስክርነት ለጉባኤው ሁሉ ቢነግሩልን" አሉ። "ደካማው ይበረታበታል።"

"በደስታ!" አልኩ።

በደስታ! እንዲህ ነው ያልኩት። ምላሴ ከእኔ ቀድማ ነው የምትነሣው።

ዳኛዋ ሥራ ነበረች። የሥራ ተራዋ ዛሬ ጀመረ። እህቴ ብቻዋን ተቀምጣ ዘመረች፣ አጠገቧ ያለውን ቦታ በቦርሳዋ ይዛ።

ማክሰኞ፣ 26

ሱቁን ዘግቼ ነው የምጽፈው። እንደሆነው ልጻፈው። ወረቀት ስለማይስቅ ይሻላል።

ካቦአችን ነጭ ጢም ነበረው። እኔ እሱን እያስመሰልኩ ጓደኞቼን ማሳቅ እወድ ነበር። የዚያን ቀን ጢም ልሠራ ፈለግሁ። ማሽኑ እየዞረ ሽፋኑን ከፍቼ አንድ እፍኝ የተባዘተ ጥጥ ልወስድ እጄን ሰደድኩ። እጅጌዬ ተያዘ። የጌታን ሥራ ስሠራ አይደለም፣ የፋብሪካውንም ሥራ ስሠራ አይደለም። ለቀልድ ነው።

የጌታን ስምም አልጠራሁም። "እማዬ!" ነው ያልኩት። የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ "እማዬ!" እያለ ጮኸ። ከማሽኖቹ ወዲያ የነበሩት ጓደኞቼ ሳቁ። ዘወትር ስለምቀልድ ቀልድ መሰላቸው።

እትዬ ከማሽኖቹ ሥር የጥጥ ብናኝ ይጠርጉ ነበር። ጠራጊ ማሽን መንካት ክልክል ነው፤ የነካ የዚያኑ ቀን ይሰናበታል። ማቆሚያው በወዲያኛው ጫፍ ስለነበር አይደረስበትም። የመጥረጊያቸውን እንጨት ቺንጋውና መዘውሩ መሃል ሰደዱት። ተሰበረ። ከዚያ በእጃቸው ገፉት። ቺንጋው ወለቀ፣ ማሽኑ ቆመ። ሁለት ጣታቸው ከቺንጋው ጋር ሄደ።

እጃቸውን በመወልወያ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ "ቺንጋው በራሱ ወለቀ በል። ልጆች አሉኝ" አሉኝ። ለካቦው እንደዚያው አልኩ። እሳቸው በር ቆረጠኝ አሉ። ሥራቸው ተረፈ።

በዚያ እሑድ፣ ክንዴን ታስሬ ጸሎት ቤት ስገባ ሰዎች ከበቡኝ። ቺንጋው በራሱ ወለቀ አልኳቸው። ካቦው እንዳይሰማ ብዬ ነው። አንድ ሰው "ስሙን ጠርተህ ነው!" ብሎ ጮኸ። "አዎ" አልኩ።

ይኸው ነው። አንዲት "አዎ"። ሁሉም አቀፉኝ። ከዚያ በፊት እኔን ያን ያህል ሰው በቁም ነገር ሰምቶኝ አያውቅም። በሁለተኛው ወር ተጠመቅኩ።

ለእሳቸው ብዬ ነው እያልኩ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌያለሁ። ፋብሪካው ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ካቦው ሞቷል። የሚባረር የለም። አሥራ አንዱን ዓመት ለማን ብዬ ነበር?

ያመንኩት ማንን እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩ። እጅጌዬን ስጠቀልል የሚያዩኝን ዓይኖች ነው። ሌላ መልስ ፈልጌ አጣሁ።

ሐሙስ፣ 28

"እትዬ፣ ቺንጋው በራሱ አልወለቀም" አልኳቸው፣ ገና በሩ ላይ እንደቆምኩ።

መኪናቸውን አቆሙ። እጃቸውን አገላብጠው አዩት። "እኔም ጠርጥሬ ነበር" አሉ።

ሳቄ መጣ፤ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ። በርጩማው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሳቸው የተማሪውን ኮሌታ ጨርሰው ክሩን እስኪበጥሱ ጠበቁኝ።

"ለምን ዝም አሉ?"

"መጀመሪያ ለሥራዬ ብዬ። በኋላ ስጠብቅህ። ቺንጋው ጋ በደረስክ ቁጥር 'ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ይናገር' እላለሁ። እጅጌህን ስትጠቀልል ደግሞ 'እሺ፣ ለሚቀጥለው' እላለሁ።"

"ሃያ ሁለት ዓመት?"

"አንዳንድ እሑድ አትናገርም ነበር እኮ። ያኔ አርፋለሁ።"

የዳኛዋን ነገር ነገርኳቸው። ከዚያ ልጅቷ የምትጠይቀውን እኔ ጠየቅኩላት፤ እጃቸውን ሲሰዱ የሆነ ነገር ተሰምቷቸው፣ ጸልየው እንደሆነ።

"ጊዜው የት ነበረኝ? 'እማዬ' ሲል ሰማሁ። እኔ እናት ነኝ። ሄድኩ።"

"ሲጠመቁስ?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ከውሃው ስወጣም ጉንፋኑ አብሮኝ ወጣ። ማግስቱን ሥራ ገባሁ። አንተ የምትለው ዓይነት ቀን እኔ የለኝም።"

"ታዲያ ማመንዎን በምን አወቁ?"

መኪናቸውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ። "መኪናዬን ላንተ ትቼ ስሄድ በምን አውቃለሁ? እሄዳለሁ እንጂ። ደግሞ የምሳሌህ ሴትዮ እኔ አይደለሁም እንዴ?"

አቀረቀርኩ።

"ለልጅቷ ንገራት" አሉ። "ለእኔ ብለህ ግን እንዳይሆን። ለእኔ ብለህ ያደረግኸው በቅቶኛል።"

ሰኞ፣ 2

መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኳት። እየሄድን ነገርኳት፤ ጢሙንም፣ "እማዬ"ንም፣ ጣቶቹንም። በዝናብ። ጃንጥላዬን ዘረጋሁላት፣ ወደ ጎን ራቅ ብላ በዝናቡ ሄደች።

"እማዬ ነው ያልከው?"

"እማዬ።"

"ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን በአንተ ስለካ ኖሬያለሁ" አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ስጸልይ ዓይኔን ጨፍኜ የምጠብቀው የአንተን ቺንጋ ነበር። ሳይወልቅ ሲቀር እግዚአብሔር የማይፈልገኝ ይመስለኝ ነበር።"

"በድዬሻለሁ።"

"አንተስ ታምናለህ?"

አንድ የሚያስቅ ነገር ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። "አላውቅም። ከዚያ ታሪክ ወጥቼ ቆሜ አላውቅም" አልኳት።

ቆመች። "ለእኔ ብቻ ሹክ ብለኸኝ ልትገላገል ነው? የሰማህ ጉባኤው ሁሉ ነው።"

"እሑድ እንድናገር ተጠይቄያለሁ።"

"እና ምን ልትል ነው?"

መልሴን ሳትጠብቅ መንገዱን ተሻገረች። አንዴም "ጋሼ" አላለችኝም።

ሐሙስ፣ 5

ለመጋቢው ነገርኳቸው። "ይህን ታሪክ እኔም በሦስት ከተማ ሰብኬዋለሁ" አሉ። ቀጥለውም "እሑድ ሌላ ሰው ቢመሰክርስ? እርስዎ አሞዎት እንደሆነ..." ብለው ጀመሩ።

መውጫው በር ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። ልቤ ዘለለች፤ ምንም አልደብቅም።

ዓረፍተ ነገሩን እሳቸው ራሳቸው አልጨረሱትም። "የለም" አሉ። "ይናገሩ።"

ቅዳሜ፣ 7

ምሳ አልበላሁም። ንግግር ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። የጻፍኩት ሁሉ ማሳቂያ አለበት።

ለነገ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ መረጥኩ። አዝራሩ አይታመንም፤ መጨረሻውን በመርፌ ሰፋሁት። እንዳይጠቀለል።

"ጌታ ሆይ" አልኩ። ዛሬ ቀጥሎ የመጣ ነገር የለም። እዚያው ላይ ዝም ብዬ ቆየሁ። ጥሪ ይሁን ምን ይሁን አላውቅም።

እሑድ፣ 8

ሌሊቱን የዘነበው ጠዋትም አላባራ። ጸሎት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ የሰው ትንፋሽ መስኮቱ ላይ ይታይ ነበር። የጥምቀት ገንዳው ከመድረኩ ሥር ተከፍቷል። እህቴ አንድ ትልቅ ፌስታል ጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ስሜ ተጠራ። ወጣሁ። ሁሉም ፈገግ አሉ፤ እጅጌዬንም ያያሉ።

"ቺንጋው በራሱ አልወለቀም" አልኩ። የተቀረውን በደንብ አልተናገርኩም። ድምፄን የት ዝቅ ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅኩም፤ ከመጨረሻው ጀምሬ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ጢሙን ነገርኳቸው። "እማዬ" ማለቴን ስናገር አንድ ሕፃን ሳቀ፣ እናቱ አፉን ያዘችው። "አትያዢው" አልኳት። ቺንጋውን ያወለቀው ሰው እዚህ ቤት ውስጥ እንዳለ፣ እያዩኝ ሃያ ሁለት ዓመት ከታሪኩ እንዳወጣኋቸው ተናገርኩ። ስማቸውን ጠርቼ ሁሉም ዞሮ እንዲያያቸው አላደረግኩም፤ ያንንማ ካደረግኩ አሁንም ትያትር ነው። "በውሸት አጽናንቻችኋለሁ። ይቅር በሉኝ" አልኩ።

አንድም ሰው አላጨበጨበም። አንድ ሽማግሌ፣ ከዓመት ዓመት ታሪኬን ለልጆቻቸው ሲነግሩ የኖሩ፣ ተነሥተው ወጡ። በሩ ሲዘጋ ተሰማ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። የተከፈተው ግን ገንዳው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለእኔ አልተከፈተም።

ከመድረኩ ስወርድ ዳኛዋን አየኋት። የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች፣ ከሥራዋ ወጥታ መጥታ፣ መተላለፊያው ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም።

ተጠማቂዎቹ አንድ በአንድ ተናገሩ። ሲጨርሱ እሷ ወደ ፊት ሄደችና ለመጋቢው አንድ ነገር ሹክ አለች። መጋቢው ወረቀታቸውን አዩ፤ ስሟ የለም። ወረቀቱን አጥፈው ቦታ ለቀቁላት።

"እኔ ታሪክ የለኝም" አለች። "ምንም ቆሞልኝ አያውቅም። መልስም አልሰማሁም። መጥራት ትቼ ነበር፤ ሁለት ሳምንት። አልቻልኩም፣ ሌላ የምጠራው የለኝም። ይኸው ነው።"

"ታምኛለሽ?" አሏት።

"አምናለሁ" አለች።

እህቴ ፌስታሉን ይዛ ተነሣች። ፎጣው፣ የተተኮሰው ልብስ፣ ካልሲ ሳይቀር ነበረበት።

ዳኛዋ ከውሃው ወጥታ ጥርሷ እየተንገጫገጨ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች። ከፀጉሯ የሚወርደው ውሃ ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል።

"አንድ እውነት ነግረኸኝ ነበር ጋሼ" አለችኝ። "ውሃው ቀዝቃዛ ነው።"

አለፈች። ይቅር እንዳለችኝ አላውቅም። "ጋሼ" ብላኛለች።

መጋቢውን አግኝቼ ለሚቀጥለው የጀማሪዎች ትምህርት ስሜን እንዲጽፉ ጠየቅኳቸው። ለማስተማር ነው ብለው ጠየቁኝ። ለመማር ነው አልኳቸው። ጻፉ።

ፊት ለፊት፣ ሁልጊዜ የምቀመጥበት ወንበር ሄጄ ለመቀመጥ እግሬ እምቢ አለኝ። ወደ ኋላ ሄድኩ። እትዬ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ጠጋ አሉልኝ። መዝሙር ተጀመረ፤ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ከፍተው ወደ እኔ አዘነበሉት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ አንገታችን ውስጥ ይገባ ነበር። እንዲህ የበረደበት እሑድ አላስታውስም።

ሻርፓቸው ትከሻቸው ላይ ነበር። እጃቸው ውጭ ነበር።